ግመል ረገጣቸው የተባሉት ሰዎች

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእትዬ ያለምወርቅ። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ፣ ፊደልን በአምስት ወር ከነዘር ማንዘሩ የማረከው፣ የሱዳን መንግሥት ሳያማክረው አንድ መንገድ የማይጠርገው፣ የምሥራቁ ክልል የአምስት ዓመት ዕቅድ ጸሐፊ ወንድምሽ ታምሬ ነው። እሺ፣ ጸሐፊው እንኳ እኔ አይደለሁም። ካርታው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከዕቅዱ ወረቀቶች መካከልም አንዲት ገጽ በእኔ እጅ የተጻፈች አለች። ይህኛው እውነት ነው፤ ዝቅ ብለሽ ታገኚዋለሽ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ብርድ ሲገባ የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ? እናታችን እናኑ ዓይኗ እንዴት ነው፣ ሰውን በድምፁ ነው የምትለየው ወይስ ገና በመልኩ? ልጆችሽስ፣ ሸጊቱ ቁመቷ ትከሻሽን አለፈ? ደጉስ በሬዎቹን እሺ ማሰኘት ቻለ? አዝመራው እንዴት ገባላችሁ፣ ጾሙስ እንዴት ይዟችኋል? ጥቁርሽን አወለቅሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ገና ዓመቱ አልሞላ። እኔ በአካል ደኅና ነኝ። ወባ ጥር ላይ መጥታ ሦስት ቀን አንቀጥቅጣኝ ሄደች፤ እሷም እንደ ሌላው ሰው ወሬዬ ሰልችቷት ይሆናል።

ይህ የምታይው ጽሑፍ የራሴ የእጄ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ የምስክር ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ፣ «እኔ ስሜን እጽፋለሁ፣ ወንድሜ ግን ገና አውራ ጣቱን ቀለም ይነክራል» እያልሽ የሳቅሽብኝን አልረሳሁትም። እዚህ ገዳሪፍ መምህር ስማቸው የሚባል፣ ድሮ ጎንደር ከተማ ያስተምር የነበረ ሰው አለ፤ ጀንበር ስትጠልቅ በሸምበቆ ዳስ ውስጥ ፋኖስ አብርቶ የእኛን ብጤ ጢማም ተማሪ ያስተምራል። ኅዳር ላይ ገባሁ። «ታምሬ፣ አንተ ፊደሉን አትፈራውም፤ እሱ ነው አንተን የሚፈራህ» ብሎኛል። ይህን ያለኝ እርሳሱን ስጫነው ወረቀቱን ወዲያ ማዶ ስለበሳሁት ነው እንጂ ለሙገሳ አልነበረም። ሳወራ አራት ነጥብ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ስጽፍ ግን ይኸው፣ እየቆምኩ ነው የምሄደው።

የተማርኩበትን ምክንያት ግን ልንገርሽ። ከአየነው ሞት በኋላ ከእኔ ሁለት ደብዳቤ ደርሶሻል፤ ሁለቱንም ያስጻፍኩት በገበያ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው «አምላክ ያጽናሽ» የሚለውን በሚያምር ቃል አስረዝሞ ይጽፋል፤ እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ የምለው ይጠፋኛል፤ ከኋላዬ ደግሞ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ አለ። ባለፈው ወር ደብዳቤ የምታመላልስልን ነጋዴዋ ሰኪና ከመተማ ስትመለስ፣ ገና የሳሙና ካርቶኗን ሳታወርድ እጄን ያዘችኝና፣ «እኅትህ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች። የባሌን ሞት ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው ሲያረዱኝ መኪና ተገልብጦ አሉኝ እንጂ ሌላ አልነገሩኝም፤ እንዴት ሆኖ ሞተ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ የሰው እጅ አልዋስም አልኩ። አንቺም ራስሽ ታነቢያለሽ፣ እኔም ራሴ እጽፋለሁ፤ በመካከላችን ሰው የለም።

እንግዲህ ስሚኝ። ያኔ መስከረም ሲያልቅ፣ ከዶካ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ትልቅ እርሻ ሰሊጥ አጨድን። አየነው እንዴት እንደሚያጭድ ታውቂያለሽ፤ እኔ አንዴ ቀና ስል እሱ ሁለት ነዶ አስሮ ይጠብቀኛል፤ «ምነው አፍህ እንደ እጅህ ቶሎ ቢደክም» ይለኛል። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሰሊጡ ተራግፎ በጆንያ ሆነና ሎሪ ላይ ተጫነ። እኛም እንደ ልማዱ ከጆንያው በላይ ወጣን፤ ባለ እርሻው ለሰሊጡ እንጂ ለእኛ መኪና አያዝም። ከላይ አሥራ አራት ሰው ተቀመጠ። እኔ ጋቢና ነበርኩ። የሱዳን ሾፌር እኔን አጠገቡ ካላስቀመጠ መንገድ አይገፋለትም፤ ዐረብኛዬ የተሰባበረ ቢሆንም ቀልዴ ደኅና ነው። አየነውን ና ተጠጋግተን እንቀመጥ ስለው፣ «ላይ ነፋስ አለ፤ አንተ ዘንድ ያለው ወሬ ብቻ ነው» ብሎኝ ወጣ።

ዶካ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር አንድ ቁልቁለት አለ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ መንገዱ ድንገት ይጠመዘዝና፣ እዚህ ኾር ከሚሉት፣ በበጋ ውሃ ከሌለው የወንዝ ጎድጓዳ ይገባል። ከፊታችን ሌላ ሎሪ ነበር። አቧራው ተነሥቶ ፊታችንን ሸፈነው፤ ሾፌሩ መጠምዘዣውን አላየውም። የግራው ጎማ ከመንገዱ ወጣ፣ ጆንያው ወደ አንድ ወገን ዘመመ፣ ከዚያ ሎሪው እንደ ደከመው በሬ በጎኑ ተኛ። ቀስ ብሎ ነው የወደቀው እትዬ። እኔን የሚያሳብደኝ ይህ ነው፤ ሰው ዘሎ ለመውረድ የሚበቃው ይመስላል። ከጋቢናው ወጥቼ ስደርስ አየነው ላይ ሁለት ጆንያ ነበር። ሳነሣለት ዓይኑ ክፍት ነው፣ ትንፋሽ ግን የለውም። ዓይኑን የከደንኩለት እኔ ነኝ። ከእሱ ጋር ሁለት የአርማጭሆ ሰዎች ሞቱ፤ ሰባት ሰው ተሰበረ።

ከዚያ ያደረግነውን ስነግርሽ ባትፈርጂብን እወዳለሁ። ከመካከላችን ተስሪህ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት ያለው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ከብሔራዊ ውትድርና የሸሹ አራት ነበሩብን፤ ድንበር ቢመልሷቸው ምን እንደሚጠብቃቸው አንቺም ታውቂዋለሽ። የፖሊስ መኪና ከዶካ ሳይደርስ ሦስቱን ተሸክመን ከመንገዱ ርቀን ከአንዲት ግራር ሥር አደረስናቸው። በማጭድና በአንድ አካፋ ቆፈርን፤ ጥቁሩ አፈር እጃችን ላይ እየተጣበቀ፣ እያራገፍን ቆፈርን። መስቀል አላቆምንም፣ ድንጋይ ብቻ አስቀመጥን። ሻዊሽ የሚሉት የፖሊስ አለቃ መጥቶ «የሞተ አለ?» ሲል «ማንም» ብለን በአንድ አፍ መለስን። እኔ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያች ቀን «ማንም» ግን ያነቀኝ ቃል የለም።

የተጎዱትስ ብትዪ፣ ፖሊስ ሳይደርስ በሚያልፍ ትራክተር ወደ ሐኪም ቤት ልከናቸው ነበር፤ እዚህ ላይ የእኔ ብልሃት ይገባል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የእኛ ሰው ከሎሪ ወድቆ ጎኑ ሲሰበር፣ ሐኪም ቤት ፖሊስ እንዳይጠሩበት «ግመል ረገጠኝ በል» ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ። ሠራለት። ከዚያ ወዲህ ከሎሪም ይውደቅ ከትራክተር ተጎታች፣ ሐበሻ የተባለ ሁሉ ግመል ረገጠኝ ማለት ሆነ። በዚያች ቀን ከላይ ከተቀመጡት አንዷ ሰዓዲያ ነበረች፤ የወሎ ሰው ናት፣ እርሻ ለእርሻ እየዞረች ለአጫጁ ሻይ ታፈላለች። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ አጥንቷ በቆዳዋ ሥር እየታየ፣ ሐኪሙ ፊት ቆማ «ግመል ነው» አለች። እኔ ኋላ ደርሼ ጥግ ላይ ቆሜ ብልሃቴ እንዴት እንደ ተስፋፋ ሳይ፣ በዚያች ቀን እንኳ ትንሽ ኮርቻለሁ። ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈለግኩም።

የካቲት ላይ መምህር ስማቸው ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ነገር ነገረን። ከከሰላ ኮሚቴ መጥቷል፣ ለክልሉ በሙሉ ዕቅድ ሊያወጣ ነው አለ። በአምስት ዓመት ውስጥ በመንገድ የሚሞተውንና ክፉኛ የሚጎዳውን ሰው በግማሽ ለመቀነስ ያስባሉ። ሰው የት የት እንደሚሞት ከየወገኑ መስማት ስለሚፈልጉ፣ ከሐበሻውም የሚጽፍ ሰው ይላክ ብለዋል። ዳሱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ለዐረብኛው ሰዓዲያ ተጨመረች፣ ለሽምግልናው ደግሞ ረዳ። ረዳ ከትግራይ የመጣ፣ ትራክተር የሚነዳ፣ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ደከመኝ የሚል ሰው ነው። ሾፌሮቹም ተጠርተው ነበር፤ የእኛው ሾፌር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት።

የተሰበሰብንበት አዳራሽ ውስጥ ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ሻዊሹ አለ፤ ሊቀ መንበሩ ሽበታም ሽማግሌ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ካርታውን የሰቀልነው እኔና መሐንዲሱ ነን። ሰው የሞተበት ቦታ ሁሉ ቀይ ስፒል ተወግቶበታል፣ ሰው የተሰበረበት ላይ ቢጫ። ወደ ከሰላ የሚወስደው መንገድ በርበሬ የተሰጣበት ይመስላል። ሊቀ መንበሩ የግማሹን ነገር ሲያስረዳ ሰዓዲያ ተነሣችና፣ «የቀረው ግማሽስ የማን ልጅ ነው?» አለችው። ሽማግሌው ጥያቄዋን ወረቀቱ ላይ ጻፋት።

ከዚያ መሐንዲሱ በእንጨት ዘንግ ከዶካ እስከ ገላባት ያለውን መንገድ አሳየ። አንድ ስፒል የለበትም እትዬ። አንድም! ባዶ፣ ንጹሕ፣ እንደ ተላጨ ራስ። «ይህ በክልሉ ውስጥ ሰው የማይሞትበት መንገድ ነው፤ ምንም አያስፈልገውም፣ ወደ አምስተኛው ዓመት እናስተላልፈው» አለ። እኔ ሳቅ አመለጠኝ፣ ብቻዬን። ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ሳቁ አፌ ውስጥ ደረቀ። ለካስ እኛ በዚህ ሁሉ ዓመት ሬሳችንን እየደበቅን፣ መንገዱን ማንም እንዳያድሰው ስንጠብቀው ኖረናል።

ሐኪሙ ደግሞ መዝገቡን ገልጦ ተነሣ። «እኔ አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «በአንድ አዝመራ ብቻ ሠላሳ አንድ ሐበሻ ግመል ረግጦት መጥቷል። ሁሉም ከዶካ ወገን። ግመሎቹ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምን ጠብ አላቸው?» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ ሻዊሹ ሳይቀር። ሰዓዲያ ግን ጠማማ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እኔን ታየኛለች። በዕድሜዬ የቀለድኩት ቀልድ ሁሉ እንደዚያ ሰው አስቆ አያውቅም፤ እኔ ግን መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

ስንወጣ ከአዳራሹ ጥላ ሥር ተጣላን። እኔ ነገ ሁሉንም እናገራለሁ አልኩ። ረዳ የዕለቱን አሥር ቃል አወጣ፤ «አንተ የአማችህን ስም ታስጽፋለህ፣ እኔ ወደ ድንበር እመለሳለሁ። አርፈህ ተቀመጥ።» ሰዓዲያ ተቆጣች። «ያንተስ ትራክተር ላይ ስንት ሰው ወደቀ ረዳ? ይህ እጄ ግመል ነክቶት አያውቅም። የሚመጣው ዓመት ሰሊጥ አጫጆችም በዚያው ቁልቁለት ነው የሚወርዱት» አለችው። ረዳ «እንግዲያስ ሻዊሹ በሌለበት ይሁን» ብሎ ቆቡን ደፍቶ ሄደ። እኔ ያን ሌሊት ዕንቅልፍ አልወሰደኝም። ብናገር አራት ሰው ይታሰራል፣ ብተው ደግሞ አየነው የትም ያልሞተ ሰው ሆኖ ይቀራል።

በማግስቱ ሰዓዲያ ሊቀ መንበሩን፣ «የምንነግርህ አለን፣ የፖሊስ ልብስ የለበሰ እያለ ግን አንናገርም» አለችው። ሻዊሹ ደም ሥሩ ተገተረ። ሽማግሌው ግን፣ «እኛ የመጣነው ልንቆጥር ነው፣ ልናስር አይደለም። ውጣና ሻይ ጠጣ» አለው፤ ወጣ። ያን ጊዜ ተነሣሁ። ሦስት ሰው ከዚያ ቁልቁለት ሥር ቀብረናል፣ አንደኛው የእኅቴ ባል ነው፣ ስሙ አየነው ነው አልኩ። ስለ ግመሉም ተናገርኩ፣ ፈጣሪው እኔ እንደሆንኩ ጭምር። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ሐኪሙ መዝገቡን ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው፣ ግመል የሚለውን አንድ በአንድ በቀይ ማስመር ጀመረ።

ወሬው ከዳስ ዳስ ሄደና በሦስት ቀን ውስጥ ሐበሻው ሁሉ የተደበቀውን ይዞ መጣ። አንዲት ሴት ከፋሽጋ እርሻዎች ተነሥታ ሁለት ቀን ተጉዛ የወንድሟን ስም አስጻፈች፤ ስሙ ሲጻፍ ቁጭ ብላ ካየች በኋላ «አሁን ሞተ» ብላ አለቀሰች። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ነገርኩሽ እኮ፣ አንዲት ገጽ አለችኝ። መምህር ስማቸው ከጎኔ ሆኖ ወደ ዐረብኛ ይገለብጠዋል። ገጹ ላይ የመጀመሪያው ስም አየነው ነው። እርሳሱን አልተጫንኩትም፤ በዚያች ገጽ ላይ ወረቀቱ አልተበሳም። በመጨረሻ መሐንዲሱ ስፒሎቹን እፍኜ ውስጥ አድርጎ «አንተ ውጋ» አለኝ። በዶካ መንገድ ሃያ ሦስት ቀይ ወጋሁ፤ ከእነሱ ዘጠኙ በዚያች አንዲት ቁልቁለት ላይ ነው፣ ቦታው ጠቦ አንዱ ሌላውን ይገፋው ነበር።

ከዚያ በኋላ በመኪናቸው ይዘውን ሄዱ። መሐንዲሱ ቁልቁለቱን በገመድ ለካው፣ ራሱንም ነቀነቀ። መቃብሮቹን አሳየኋቸው። ከገዳሪፍ አንድ ቄስ ይዘን ስለነበር ለአየነው ፍትሐት ተደረሰለት፤ የክርስትና ስሙን ግን እኔ ባለማወቄ ቄሱ «ከዚህ ያረፈው ባሪያህ» እያሉ ጸለዩለት። እንዲህ ያለ ነገር ሳላውቅ ከእሱ ጋር ስንት ዓመት በላሁ ጠጣሁ! በሰኪና በኩል ላኪልኝና እንደገና በስሙ እናስጸልይለታለን።

ዕቅዱ አሁን ተጽፏል። የዶካ መንገድ ከአምስተኛው ዓመት ወደ መጀመሪያው መጥቷል። ቁልቁለቱ ይቆረጣል፣ ኾሩ ላይ ድልድይ ይሠራል፣ በአዝመራ ጊዜ ጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ይከለከላል፣ ባለ እርሻ ሁሉ ለሠራተኛው መኪና እንዲያቀርብ ይገደዳል። ምን ያህሉ ከወረቀት እንደሚወርድ አላውቅም፤ ሽማግሌው ግን ዓይኑ የሚያላግጥ ሰው ዓይን አይደለም። ለእያንዳንዱ አደጋ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታም ነበረው። ለእኛው አቧራ ብዬ አስጻፍኩ፤ በዚያም የተነሣ ሎሪ ከሎሪ ኋላ ሁለት መቶ እርምጃ ይራቅ የሚል ደንብ ገባ። ሐኪሙ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥ የሚል ሐሳብ አቅርቦ፣ «በዚህ ምክንያት የተገለበጠ አለ ወይ?» ብሎ ወደ እኛ ዞሮ ጠየቀ። ማንም አልተናገረም። ሾፌራችን ኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው «ምስክር ከሌለው ይሰረዝ» አለ፤ ተሰረዘ። ወረቀቱ ሐሙስ ወደ ከሰላ ይሄዳል።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ታምሬ ራሱ ጻፈው ብትያት አታምንሽም፣ ወረቀቱን አስዳብሻት። ሸጊቱን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ በእኔ ዕድሜ ፊደል መቁጠር ወገብ ይሰብራል። ደጉን በርታ በዪልኝ፤ ሞፈሩን እንዴት እንደሚያስተካክል አባቱ አሳይቶታል፣ ያልገባው ቢኖር ጎረቤታችሁን ስለሺን ይጠይቅ። ለስለሺና ለቤተሰቡ፣ በለቅሶው ጊዜ ከአጠገብሽ ላልተለየችው ለእማማ ሣህሊቱ፣ ስሜን ለሚጠራ ሁሉ ሰላም በዪልኝ። ሰዓዲያ ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች፤ ረዳም አንድ ቃል ቆጥቦ «እግዚአብሔር ያጽናት» ብሏል።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ወረቀቱን አጥፌ ለሰኪና ልሰጥ ተነሥቼ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በዚህ ውስጥ አንድ የፈጠርኩት ነገር አለ። አቧራ አልነበረም። አቧራ የሚያስነሣ ሎሪም ከፊታችን አልነበረም። በዋዜማው ያለ ወቅቱ ካፊያ ጥሎ መሬቱ ረጥቦ ነበር፤ መንገዱ እስከ ኾሩ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ሾፌሩ መጠምዘዣውን ያላየው እኔን እያየ ስለነበር ነው። አየነው አንቺን ሊያገባ የመጣ ዕለት ከበቅሎ እንዴት እንደ ወደቀ አጫውተው ነበር። እንዴት አድርጌ እንደማወራው ታውቂያለሽ፤ በቅሎዋንም እሆናለሁ፣ ሙሽራውንም እሆናለሁ፣ የሚዜዎቹንም ጩኸት እጮሃለሁ። ሾፌሩ ሳቀ። ሲስቅልኝ ጨመርኩለት። እጁን ከመሪው አንሥቶ የሳቅ ዕንባውን ሲጠርግ አይቻለሁ። አይቼም አልተውኩም፤ የሚያስቀው ገና ከፊት ነበር።

አቧራ የምትለዋን ቃል ልሰርዛት አስቤ ነበር፤ ተውኳት፣ እንዴት በቀላሉ እንደ ጻፍኳት እንድታዪ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌው ዘንድ ገብቼ እውነተኛውን ምክንያት አስጽፋለሁ፣ የተሰረዘውም ደንብ ምስክር ያገኛል። ለሾፌሩ ነገርኩት፤ ልጆች አሉኝ አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ቆይቶ አብሬህ እገባለሁ አለኝ። እሱን ሊያስሩት፣ እኔንም ድንበር ሊያሻግሩኝ ይችላሉ። ብቻ መንግሥት ከመስማቱ በፊት አንቺ እንድትሰሚ ፈለግኩ። ባልሽን ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ያልመለስኩትም እኔ ነኝ።

የምትዪኝን ጻፊልኝ። ከደጄ አትድረስ የምትዪኝም ከሆነ እንዳለ ጻፊው። ክፉውን ቃል እየዘለለ የሚያነብልኝ ሰው ከእንግዲህ የለም፤ እኔው ራሴ አነበዋለሁ።

ወንድምሽ ታምሬ
ገዳሪፍ፣ መጋቢት 22 ቀን 1978 ዓ.ም.